ሰርቦች በቱርክ ዘመን፦ መንግሥት ሳይኖራቸው እንዴት ሰርብ ሆነው ቆዩ?

የቪየናው ልጅ

ሰላም ቤቶች። ባለፈው ኅዳር 12 ከሚካኤል ንግሥ ስመለስ አንድ ሰርብ የሥራ ባልደረባዬ ደወለልኝ። «ዛሬ ቤታችን ስላቫ ነው፤ እናቴ ይዘኸው ና ብላለች» አለኝ። ስላቫ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሄድኩ።

ስገባ ጠረጴዛው መሃል ረጅም ጧፍ በርቷል። አጠገቡ ክብ ዳቦ አለ፤ ላዩ ላይ በሊጥ የተሠራ መስቀል። በሳህን ደግሞ የተቀቀለ ስንዴ፣ ከስኳርና ከተፈጨ ዋልነት ጋር የተለወሰ። ንፍሮ ነው፤ ጣፋጭ ንፍሮ። ግድግዳው ላይ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን ይዞ ቆሟል። የቤቱ በዓል የሚካኤል ነው። እነሱ በአሮጌው አቆጣጠር ኖቬምበር 8 ይሉታል፤ ቀኑ ግን ከእኛ ኅዳር 12 ጋር አንድ ነው። ይህን ሳውቅ ሰውነቴን ነዘረኝ።

ዳቦውን አባትየውና ወንዶቹ ልጆች በእጃቸው ይዘው አዞሩት፣ ወይን አፈሰሱበት፣ ቆረሱት። ነገሩ በእኛ ዝክር ነው። ግን ዝክሩ የቤቱ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል። ልጁ ቤት ሲለይ ቅዱሱን ይዞ ይወጣል።

እናትየው ስንዴውን በማንኪያ ሰጥተውኝ እንዲህ አሉ፦ «ቱርክ ሲገዛን ቤተ ክርስቲያን ሩቅ ነበር። ቤታችን ነበር ቤተ ክርስቲያናችን።» ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። ስንት ዓመት ተገዙ? እንዴት ኖሩ? ምን ይዟቸው ቆየ? የምታውቁ ጻፉልኝ።

መምህር ታሪኩ

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያመጣህ። ታሪክ ሳስተምር ብዙ ጊዜ ያየሁበት ርዕስ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ሰዎች «ኮሶቮ ላይ ተሸነፉ፣ በማግስቱ ተገዙ» ይላሉ። እንደዚያ አልነበረም። መጀመሪያ በ1371 ማሪጻ ወንዝ ላይ ትልቅ ሽንፈት ደረሰባቸው። ከዚያ በ1389 የኮሶቮ ጦርነት መጣ። ያን ቀን ልዑል ላዛርም ሞተ፣ ሱልጣን ሙራድ ቀዳማዊም ሞተ። የሁለቱም ጦር አለቃ በአንድ ቀን! ቀኑ በእነሱ አቆጣጠር ጁን 15፣ የቅዱስ ቪድ ዕለት ነው። «ቪዶቭዳን» ሲባል ሰርብ ሁሉ የሚያስበው ያንን ሜዳ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ሀገሪቱ ሰባ ዓመት ያህል ቆይታለች። ገባር ሆና። የላዛር ልጅ ኦሊቬራ ለአዲሱ ሱልጣን ለባያዚድ ተዳረች። አስቡት፤ አባቷ በተገደለበት ጦርነት ማግስት። ወንድሟ ስቴፋን ደግሞ ለእህቱ ባል ጦር እየመራ ዘመተ። በ1396 ኒኮፖሊስ ላይ ከመስቀል ጦረኞች ጋር የተዋጋው ከቱርክ ጎን ቆሞ ነው። በ1402 አንካራ ላይ ከቲሙር ጋር ሲዋጉም እዚያው ነበር። ያው ሰው ቤልግሬድን ዋና ከተማ አድርጎ ገዳማት አሠራ፣ መጻሕፍት አስተረጎመ። በሁለት በኩል እየተጎተተ ነው የኖረው።

የመጨረሻው ምሽግ ስሜዴሬቮ፣ ዳኑብ ዳር፣ በ1459 እጁን ሰጠ። የሰርብ መንግሥት ያበቃው ያኔ ነው። ቤልግሬድ በሃንጋሪዎች እጅ ስለነበረች እስከ 1521 ቆይታለች።

ስለዚህ «አምስት መቶ ዓመት» የሚባለው እንደ ቦታው ይለያያል። ቤልግሬድ ላይ አጭር ነው። ኮሶቮ ላይ እስከ 1912 ነው።

ሶልያና

ጋሼ ታሪኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ልጆቹ።

«ደቭሺርሜ» ይባላል። ሰርቦቹ ግን «የደም ግብር» ነው የሚሉት። የሱልጣኑ ሰዎች በየጥቂት ዓመቱ ወደ ክርስቲያን መንደሮች ይመጣሉ። ጤነኛና ብልህ ወንድ ልጆችን መርጠው ይወስዳሉ። ልጆቹ ይሰልማሉ፣ ቱርክኛ ይማራሉ። አብዛኞቹ «የኒቸሪ» የሚባሉ የሱልጣኑ ወታደሮች ይሆናሉ፤ ጥቂቶች ቤተ መንግሥት ይገባሉ። አንድ ልጅ ብቻ ያለውን ቤት አይነኩም ነበር። ያገባም አይወሰድም። ስለዚህ አንዳንድ ወላጅ ልጁን ገና በልጅነቱ ይድረው ነበር። እኔ የልጅ እናት ነኝ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ከተወሰዱት አንዱ ከቪሼግራድ አቅራቢያ፣ ሶኮሎቪቺ ከምትባል መንደር የመጣ ልጅ ነው። ሶኮሉ መህመድ ፓሻ ተባለ። በ1565 ታላቁ ቪዚር ሆነ። ከሱልጣኑ ቀጥሎ ያለው ሰው ማለት ነው። ሦስት ሱልጣኖችን በዚያ ወንበር አገልግሎ በ1579 በጩቤ ተገደለ።

ይህ ሰው ቤቱን አልረሳም። በ1557፣ ገና ቪዚር ሳለ፣ የሰርብ ቤተ ክርስቲያን መንበር የሆነው የፔች ፓትርያርክነት እንደገና እንዲቆም አደረገ። የመጀመሪያው ፓትርያርክ ማካሪዬ ሶኮሎቪች የገዛ ዘመዱ ነበር። አንዱ ዘመድ የሱልጣኑ ቪዚር፣ ሌላው የሰርብ ቤተ ክርስቲያን አባት። በትውልድ ቀዬው አጠገብ ደግሞ ድሪና ወንዝ ላይ ድልድይ አሠራ። የሠራው የዘመኑ ትልቁ አርኪቴክት ሲናን ነው። 11 ቅስት አለው፤ ዛሬም ቆሟል። እናቱ የተለየችው በዚያ አካባቢ ነው። ድልድዩን ሳስብ እሷን ነው የማስበው።

የቪየናው ልጅ

ሶልያና፣ እንባዬን አመጣሽው። 1557 አልሽ? ዓመቱ ለኛም ይታወሳል መሰለኝ።

መምህር ታሪኩ

አዎ። ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን የያዘው በ1557 ነው። ሱልጣኑም ያው ሱሌይማን ነው። አንዱ ትእዛዝ ፔች ላይ መንበር ሲያቆም፣ ሌላው ጦር ቀይ ባሕር ዳር ወርዶ ነበር። ጎንደር ላይ የነፍጠኛ አለቃ «ቱርክ ባሻ» የተባለውም ከዚያ ወገን ከመጣ ቃል ነው። የእኛ አያቶች «ባሻ እገሌ» ሲሉ ፓሻን እየጠሩ ነው። የእኛ ግን ቀይ ባሕር ዳርቻ ላይ ቀረ። የእነሱ ቤታቸው ውስጥ ገባ።

ሶልያና የጠቀሰችው የ1557ቱ ነገር የጥያቄህ ዋና መልስ ነው። ፓትርያርኩ የሃይማኖት አባት ብቻ አልነበረም። ኦቶማኖች ሕዝብን በሃይማኖቱ ነበር የሚያውቁት። ስለዚህ ፓትርያርኩ በሱልጣኑ ፊት የሕዝቡ አፍ ሆነ። ጋብቻና ውርስ በእሱ ችሎት ይታይ ነበር። ግዛቱም ከቡዳ አካባቢ እስከ ሰሜን መቄዶንያ ይደርስ ነበር። የሰርብ ነገሥታት እንኳ ወደ ሰሜን ይህን ያህል አልዘለቁም። በቅዳሴው ውስጥ የድሮ ነገሥታት እንደ ቅዱሳን ይጠሩ ነበር። ዙፋኑ የለም፤ ስሙ ግን በየእሑዱ ይሰማል።

ኑሩ ዘደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ውይይቱ ደስ ይላል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ አንድ ነገር በቅንነት ልጨምር።

የቱርክ ዘመን አንድ ቀለም አልነበረም። መጀመሪያ አካባቢ ገበሬው የሚከፍለው የታወቀ ነበር። መሬቱ የሱልጣኑ ነው። ሲፓሂ የሚባለው ፈረሰኛ ደግሞ እኛ ጉልት እንደምንለው ግብሩን ይበላል፤ በምትኩ ይዘምታል። ገበሬው ክርስቲያን ከሆነ የራስ ግብር ይጨምራል። በመጀመሪያው ዘመን ሲፓሂ የሆኑ ክርስቲያኖችም ነበሩ። እረኞቹ ቭላሆች ድንበርና መንገድ እየጠበቁ ግብር ይቀነስላቸው ነበር። ይህ ማለት ፍትሕ ነበረ ማለት አይደለም። ክርስቲያኑ ፈረስ ላይና በፍርድ ቤት ከሙስሊሙ እኩል አልነበረም። ግን ሕግ ነበረ።

የተበላሸው በኋላ ነው። ማዕከሉ ሲደክም የኒቸሪዎቹ በየአውራጃው ራሳቸውን ሾሙ። ገበሬው ለሲፓሂውም ለእነሱም መገበር ጀመረ። ሕዝቡን ያስነሳው ይህ ድርብ ቀንበር ነው።

ደግሞ የሌላውንም ወገን ሕመም እናስብ። በ1807 ቤልግሬድ በሰርብ አመፀኞች እጅ ስትገባ ብዙ የከተማው ሙስሊም ተገደለ። ከ1862 በኋላ ሲቪል ሙስሊሞች ሰርቢያን ለቀው እንዲወጡ ተወሰነ። በ1878 ደግሞ ከኒሽና ከሌስኮቫጽ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች፣ አብዛኞቹ አልባኒያውያን፣ ተባረሩ። ብዙዎቹ ኮሶቮ ገቡ። ቤልግሬድ ብዙ መስጊድ የነበራት ከተማ ናት። ዛሬ ከዚያ ዘመን የቀረው ባይራክሊ መስጊድ ብቻ ነው።

ሶልያና

ኑሩ ወንድሜ፣ ስለጻፍከው አመሰግናለሁ። የባይራክሊን ነገር አላውቅም ነበር። የእነዚያም እናቶች እናቶች ናቸው።

መምህር ታሪኩ

ኑሩ ልክ ነው። «አምስት መቶ ዓመት ጨለማ» የሚለውን አባባል እኔም ለተማሪዎቼ አላስተምርም። ግን በሌላ በኩል ለስልሶ እንዳይቀርብ ሁለት ቀን ልጥቀስ።

አንደኛው 1594 ነው። ባናት የሚባለው አካባቢ ሰርቦች ሲያምፁ በሰንደቃቸው ላይ ቅዱስ ሳቫን ሣሉ። ሳቫ በ1219 የሰርብን ቤተ ክርስቲያን ራሷን ያስቻለ አባታቸው ነው። ሲናን ፓሻ (አርኪቴክቱ አይደለም፤ ሌላ ሰው ነው) የሳቫ ዐፅም ከሚሌሼቫ ገዳም ተነሥቶ ቤልግሬድ እንዲመጣ አዘዘ። ቭራቻር በሚባለው ስፍራ አቃጠሉት። ጭሱን ከተማው ሁሉ እንዲያየው ነው። ዛሬ ቤልግሬድ ላይ ትልቁ የቅዱስ ሳቫ ቤተ መቅደስ የቆመው ቭራቻር ላይ ነው።

ሁለተኛው 1690 ነው፤ ይህ ያንተን ከተማ ይነካል። በ1683 ቱርኮች ቪየናን ከበው ተመለሱ። ኦስትሪያ እየተከተለች እስከ ስኮፕዬ ወረደች። ሰርቦችም አብረዋት ተነሡ። ከዚያ የኦስትሪያ ጦር አፈገፈገ። የተነሣው ሕዝብ ለበቀል ቀረ። ፓትርያርክ አርሴኒዬ ሦስተኛ ቻርኖዬቪች ሕዝቡን ይዞ ወደ ሰሜን ተነሣ፤ የሳቫንና የዳኑብን ወንዞች ተሻገረ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ30 እስከ 40 ሺህ ነው። ንጉሠ ነገሥት ሊዮፖልድ በሃይማኖታቸው እንዲኖሩ የመብት ደብዳቤ ሰጣቸው። ቀስ በቀስ የሰርብ ትምህርትና መጽሐፍ ወደዚያ ወገን ተሻገረ። የፔች መንበርም በ1766 ተዘጋ፤ በዕዳ ተይዞ ነበር። ጳጳሳቱ ከቁስጥንጥንያ የሚላኩ ግሪኮች ሆኑ።

ያኔ ነው የባልደረባህ እናት ያሉት ነገር እውነት የሚሆነው። መንግሥት የለም፤ መንበሩም ሄደ። የቀረው ቤት ነው። ጧፉ፣ ዳቦው፣ ስንዴው።

ባለማሲንቆው

ቤትና ቤተ ክርስቲያን አላችሁ። ዘፈኑንስ?

ጉስሌ የሚባል መሣሪያ አላቸው። አንድ ጅማት ብቻ፣ የፈረስ ጭራ። በቀስት ነው የሚመታው። ቆዳ የተወጠረበት። ስሰማው ማሲንቆ ነው ያልኩት። ድምፁ ትንሽ ይጎረብጣል፤ የእኛ ይለሰልሳል። ግን ሥራው አንድ ነው። ሰውዬው ጉልበቱ ላይ አድርጎ የኮሶቮን፣ የላዛርን፣ የማርኮን ነገር ያወርዳል። መስመሩ ሁሉ አሥር ቀለም ነው፤ ከአራተኛው ቀጥሎ ትንፋሽ ይወስዳል። ማንበብ የማይችል ገበሬ በዚህ የነገሥታቱን ስም በቃሉ ያውቅ ነበር።

ፊሊፕ ቪሽኚች የሚባለው ከሁሉም ይበልጥብኛል። በ1767 ቦስኒያ ተወለደ። በስምንት ዓመቱ ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው። ጉስሌውን ይዞ ከመንደር መንደር ዞረ። በ1809 ድሪናን ተሻግሮ አመፀኞቹ ጋ ገባ። በየሰፈሩ እየዞረ ትናንት የሆነውን ጦርነት ዛሬ ያዜማል። የድሮውን ብቻ ሳይሆን የራሱን ዘመን ዘፈነ። በ1815 የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው ቩክ ካራጂች አግኝቶት ከቃሉ ጻፈለት። ባይጽፈው ኖሮ የ1804ቱን አመፅ ሰው እንዲህ አድርጎ አያስታውሰውም ነበር።

የእኛም አዝማሪ ጦር ሜዳ ይወርድ ነበር። ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ቪሽኚችን አይረሳም።

የቪየናው ልጅ

ኧረ በጣም ነው የማመሰግናችሁ። ጋሼ ታሪኩ፣ የ1804ቱን ቢጨርሱልን?

መምህር ታሪኩ

እሺ። ነገሩ የሚጀምረው በአንድ ደግ ቱርክ ነው።

ሃጂ ሙስጠፋ ፓሻ የቤልግሬድ አገረ ገዥ ነበር። ሰርቦች «የሰርብ እናት» ብለው ይጠሩታል። ግብሩን በልክ አደረገ፤ ሽማግሌዎቻቸው ራሳቸው እንዲሰበስቡ ፈቀደ። እንዲያውም ከየኒቸሪዎቹ እንዲጠብቁት አስታጠቃቸው። በ1801 የኒቸሪዎቹ ገደሉት። አራት አለቆች፣ ዳሂ ይባላሉ፣ አውራጃውን ተካፈሉት። ሕዝቡ ለሱልጣኑ አቤት አለ። ዳሂዎቹ ይህን ሲሰሙ በ1804 መጀመሪያ የየመንደሩን ሹማምንት እየያዙ አንገት መቁረጥ ጀመሩ። ቫልዬቮ ላይ አሌክሳ ኔናዶቪችና ኢሊያ ቢርቻኒን በአደባባይ ተሰየፉ።

መሪ ያጠፉ መስሏቸው ነበር። በፌብሩዋሪ ወር የቀሩት ኦራሻጽ በምትባል መንደር፣ ሸለቆ ውስጥ ተሰበሰቡ። የመረጡት ጆርጄ ፔትሮቪችን ነው፤ የአሳማ ነጋዴ ነበር። ካራጆርጄ፣ ጥቁሩ ጊዮርጊስ።

ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ላይ «ከሱልጣኑ አልተጣላንም፤ ከዳሂዎቹ ነው» ነበር የሚሉት። ሱልጣኑም ዳሂዎቹን አይወዳቸውም። ያው ዓመት አራቱም ተገደሉ። ግን ገበሬው መሣሪያ ይዟል፤ በቃሉ ብቻ ወደ እርሻው አልመለስ አለ። በ1805 የሱልጣኑን ጦር ኢቫንኮቫጽ ላይ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የነፃነት ጦርነት ሆነ። ሚሻርና ዴሊግራድ ላይ አሸነፉ፤ ቤልግሬድን ያዙ፤ በ1808 ከፍተኛ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1813 ሁሉም ፈረሰ።

ጋሽ ዩጎ

ልጆች፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። እኔ በ1970ዎቹ ቤልግሬድ ነው የተማርኩት። ያኔ ከጃንሆይና ከዩጎዝላቪያው መሪ ከቲቶ ወዳጅነት የተነሣ ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚያ ተምረናል። መምህር ታሪኩ 1809ን ዘሏት፤ እኔ ልንገራችሁ፤ በዓይኔ ስላየሁት።

ተማሪዎች ሆነን በአውቶቡስ ኒሽ ወሰዱን። አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት አስገቡን። ውስጧ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራ ግንብ አለ። በግንቡ ላይ ረድፍ በረድፍ ጉድጓዶች። አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። በአንዳንዶቹ ግን የሰው ራስ ቅል አለ፤ ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ። ማንም አላወራም። አንድ የክፍላችን ልጅ፣ የመቄዶንያ ልጅ፣ ኮፍያውን አወለቀ። እኔም አማተብኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1809 ሜይ ላይ ቸጋር ኮረብታ ላይ ስቴቫን ሲንጀሊች የሚባል አዛዥ ተከበበ። ምሽጉ ሲያዝ ሽጉጡን ወደ ባሩዱ ግምጃ ቤት ተኮሰ። የራሱ ሰዎችም፣ የገቡት ቱርኮችም አብረው አለቁ። ሁርሺድ ፓሻ የሞቱትን ሰርቦች ራስ አስቆረጠ። ቆዳውን አስገፍፎ ወደ ኢስታንቡል ላከ፤ ቅሉን ግንብ አሠራበት። 952 ነበሩ። መንገድ ዳር ነው ያቆመው፤ አላፊው እንዲያይና እንዲፈራ።

ዓመታት ሲያልፉ ዘመዶች በሌሊት እየመጡ የወገናቸውን ቅል ፈልቅቀው ይቀብሩ ነበር አሉን። የማን የማን እንደሆነ በምን እንዳወቁ እንጃ። እናት ታውቃለች ይመስለኛል። አሁን የቀሩት 58 ናቸው። ጸሎት ቤቷ በ1892 በላዩ ተሠራች። ካየኋት ሃምሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ያቺ ክፍል አሁንም ትመጣብኛለች።

ሶልያና

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልን። ይህን ከሰው አፍ መስማት ሌላ ነው።

መምህር ታሪኩ

ጋሽ ዩጎ፣ እኔ በወረቀት የማውቀውን እርስዎ በእግርዎ ሄደውበታል። ስላጎደልኩት ይቅርታ።

ቀሪውን በአጭሩ ልዝጋ። በ1815 በሆሳዕና ዕለት ታኮቮ ላይ ሚሎሽ ኦብሬኖቪች ሁለተኛውን አመፅ አስነሣ። ሚሎሽ ከካራጆርጄ የተለየ ሰው ነው። ጥቂት ይዋጋል፣ ብዙ ይደራደራል። ከማራሽሊ አሊ ፓሻ ጋር በቃል ተስማማ። በ1817 ካራጆርጄ በድብቅ ሲመለስ በሚሎሽ ትእዛዝ ተገደለ፤ ራሱ ወደ ኢስታንቡል ተላከ። ከቱርክ ያላነሰ የወንድም ደም አለበት ይህ ታሪክ። ሁለቱ ቤቶች ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል በዙፋን ሲፎካከሩ ኖረዋል።

በ1830 ሱልጣኑ ራስ ገዝነታቸውን በፈርማን፣ ማለትም በጽሑፍ ትእዛዙ፣ አጸደቀ። የቱርክ ጦር ግን ምሽጎቹ ውስጥ ቆየ። በ1867 አፕሪል ቤልግሬድ ካሌመግዳን ላይ የከተሞቹ ቁልፍ ለልዑል ሚሃይሎ ተሰጠ። ሙሉ ነፃነት የመጣው በ1878 በርሊን ጉባኤ ላይ ነው።

የቪየናው ልጅ

ትናንት ሽፍት ላይ ባልደረባዬን ያዝኩት። «ቤተሰብህ ከየት ነው?» አልኩት። ኖቪ ሳድ አጠገብ ካለ መንደር ነው። አያቱ «ከቻርኖዬቪች ጋር ነው የመጣነው» ትል ነበር አለኝ። ሚካኤሉንም ከዚያ ይዘውት ነው የመጡት፤ ከኮሶቮ።

መምህር ታሪኩ

በዚያ አካባቢ ብዙ ቤተሰብ እንዲህ ይላል። ወረቀት ያለው ጥቂት ነው። ግን ስላቫው ራሱ አንድ ምልክት ነው። ተመራማሪዎች የሰርብ ቤተሰቦችን ዝምድናና ፍልሰት ሲከታተሉ የሚጠይቁት አንዱ ጥያቄ «ስላቫችሁ ማን ነው?» የሚል ነው። ሌላም ነገር ጠይቅልኝ። ለሚካኤል ስንዴ የማይቀቅሉ ቤቶች አሉ። ስንዴው ለሙታን ነው፣ ሚካኤል ግን መልአክ ነው፣ አልሞተም ብለው። ካህናቱ «ቀቅሉ» ይላሉ። የእሱ ቤት ለምን እንደሚቀቅል ጠይቀው።

የቪየናው ልጅ

ጠየቅኩ። እናትየውን በስልክ አገናኘኝ። «እኛ የምንቀቅለው ለሚካኤል አይደለም፤ መንገድ ላይ ለቀሩብን ነው» አሉ። የትኛው መንገድ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። የ1690ው መስሎኝ ነው።

ዘንድሮም ኅዳር 12 ጠርተውኛል። ከቅዳሴ ወጥቼ ድፎ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ።